በቃል ያለ ይረሳል፤ ልጆቻችንን ቤት ስናስተምር መዝገቡን ማን ይዟል?

ከአገር ቤት ትራንስክሪፕት ለማስላክ የተንገላታ ሰው የወረቀትን ዋጋ ያውቃል። ማስተርስ ለመማር ወይም የአገር ቤት ዲግሪያችንን እዚህ ለማስገመት ስንነሳ፣ ዘመድ ለምነን ሬጅስትራር ደጃፍ ያቆምን ስንቶቻችን ነን? ማኅተሙ አይነበብም፣ ፖስታው አልታሸገም፣ የአያት ስም ፊደሉ ከፓስፖርቱ አይገጥምም እየተባለ ወር ሁለት ወር የጠበቅን ሞልተናል። ዕውቀቱ በእጃችን ነበር፤ በሩን የከፈተልን ግን ወረቀቱ ነው።

ይህን ያነሳሁት የራሳችንን ለመተረክ አይደለም፤ ስለ ልጆቻችን ለመነጋገር ነው። በዴንቨርና በአውሮራ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ፣ በተለምዶ «ሆምስኩል» የሚያደርጉ ቤተሰቦች ዛሬ ብርቅ አይደሉም። ድሮ ነገርዬው የፈረንጅ ወግ ይመስለን ነበር። ኮቪድ መጥቶ ወላጁን ሁሉ በግድ አስተማሪ ካደረገው በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ባካሄደው ዳሰሳ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ቤት እናስተምራለን ያሉት በጸደይ ወራት 5.4 ከመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መኸር 11.1 ከመቶ ደርሰዋል። ከእኛም ሰው ገሚሱ ያኔ የጀመረውን አልተወም። አንዱ የልጁ ጠባይ አሳስቦት፣ ሌላው ትምህርቱ ቀለለብኝ ብሎ፣ ሌላው በእምነቱ ምክንያት፣ ሌላው ደግሞ የሥራ ሰዓቱ ሌሊት ስለሆነ ልጁን በቀን ማየት ፈልጎ ነው።

እኔ ልጅን ቤት ማስተማር ትክክል ነው ወይም ስህተት ነው የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ውሳኔው የወላጅ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የማስተማሩን ያህል ስለ መዝገቡ አናስብም። ልጁ 9ኛ ክፍል ከገባ በኋላ ደግሞ መዝገብ የሌለው ትምህርት ለዓለም ሁሉ ያልተማሩት ትምህርት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ወላጁ አይደለም፤ የ17 ዓመቱ ልጅ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የሚምታታ ነገር እናጥራ። ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚማር ልጅ ሁሉ ሆምስኩል ነው ማለት አይደለም። ልጁ በመንግሥት የኦንላይን ትምህርት ቤት ከተመዘገበ ተማሪነቱ የዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ ውጤቱን የሚይዝ፣ ክሬዲቱን የሚቆጥር፣ ትራንስክሪፕት የሚያወጣ ሰው አለው። ሆምስኩል ከሆነ ግን ርዕሰ መምህሩም፣ መምህሩም፣ ሬጅስትራሩም ወላጁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሥራዎች ብዙዎቻችን በደስታ እንቀበላለን። ሦስተኛው ነው ባለቤት ያጣው።

የኮሎራዶ ሕግ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ላላ ያለ ነው። ወላጅ የመምህርነት ፈቃድ አይጠየቅም። ትምህርቱ ከመጀመሩ ከ14 ቀን በፊት፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያና የትምህርት ሰዓት የሚገልጽ ማስታወቂያ ለአንድ ስኩል ዲስትሪክት በጽሑፍ ማስገባት ነው። ዲስትሪክቱ የግድ የምትኖሩበት መሆን የለበትም፤ በግዛቱ ካሉት አንዱ ይበቃል። በዓመት 172 ቀን፣ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ማስተማር ያስፈልጋል። ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር፣ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሳይንስና የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መካተት አለባቸው። ልጁ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 11ኛ ክፍል ሲደርስ ወይ አገር አቀፍ ፈተና ይወስዳል፣ ወይ ሕጉ ብቁ ነው ያለው ሰው ይገመግመዋል። በፈተናው የሚጠበቀው ከ13ኛው ፐርሰንታይል በላይ ማግኘት ነው፤ ማለትም ከ100 ተፈታኞች መካከል ከታችኞቹ 13 መብለጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ከፍ ያለ አጥር አይደለም።

ስለ መዝገብስ? ሕጉ ወላጅ እንዲይዝ የሚያዝዘው ሦስት ነገር ነው፤ የአቴንዳንስ መዝገብ፣ የፈተና ወይም የግምገማ ውጤት፣ እና የክትባት ወረቀት። ዲስትሪክቱ እነዚህን ማየት የሚችለው ሕጉ አልተከበረም ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖረውና ከ14 ቀን በፊት በጽሑፍ ሲያሳውቅ ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ትራንስክሪፕት የለም። ክሬዲት የለም። የትምህርቱ መግለጫ የለም። ዲፕሎማውንም የሚሰጠው ወላጁ ነው እንጂ ግዛቱ አይደለም። ወላጆችን የሚያዘናጋው ይኸው ነው። «ዲስትሪክቱ ምንም አልጠየቀንም፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው» ይላሉ። ሰላም የሆነው ግን ከዲስትሪክቱ ጋር ነው። ኮሌጁ፣ የስኮላርሺፕ ቢሮው፣ ቀጣሪው ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ምን ተማረ? ስንት ሰዓት? በየትኛው መጽሐፍ? በምን ተመዘነ? ማን ፈረመ? ሕጉ በሚጠይቀውና ዓለም በሚጠይቀው መካከል ክፍተት አለ። ልጆቻችን የሚወድቁት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

አውሮራ የሚኖር አንድ የማውቀው ቤተሰብ አለ። አባት ኤርፖርት ነው የሚሠራው፣ እናት አዛውንቶችን ትንከባከባለች። ልጃቸው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ተምሯል፤ ካልኩለስ ጨርሷል፣ ከቤተ መጻሕፍት ያልተዋሰው የፊዚክስ መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል። 12ኛ ክፍል ላይ አንድ ስኮላርሺፕ ለማግኘት ሲያመለክት የ4 ዓመት ትራንስክሪፕትና የእያንዳንዱን ትምህርት አጭር መግለጫ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምጣ ተባለ። እናቱ ደውላልኝ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የደብተር ክምር፣ የመጽሐፍ ደረሰኝና የስልክ ፎቶ ነው። ለሒሳቡ የታረሙ ፈተናዎች ስለተገኙ ተረፈ። ፊዚክሱን ግን ልጁ በእጁ የሠራቸው ሙከራዎች በአንድም ወረቀት ላይ ስላልሰፈሩ የላብራቶሪ ሳይንስ ብሎ ለመጻፍ የሚያስችል ነገር አጣን። ያልሆነውን አንጽፍም፤ የሆነውንም ማሳየት አልቻልንም። ቀኑ አለፈ፣ ገንዘቡም አለፈ። ልጁ አሁን ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው፣ ደህና ነው። ግን ይገባው የነበረውን ነገር ያጣው ባለማወቅ ሳይሆን ባለመጻፍ ነው።

«ክሬዲት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ የሃይስኩል ትምህርት የሚለካበት መስፈሪያ ከ1906 ጀምሮ የመጣው የካርኔጊ ዩኒት ነው። የካርኔጊ ፋውንዴሽን ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ሊከፍል ተነሳና «ኮሌጅ የሚባለው የትኛው ነው?» ለሚለው መለያ ሲፈልግ፣ ተማሪ ሲቀበል 14 ዩኒት የሚጠይቅ የሚል መስፈርት አወጣ። አንድ ዩኒት በአንድ ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ወደ 120 ሰዓት መማር ማለት ነው። ለጡረታ ተብሎ የተሠራ መስፈሪያ የልጆቻችን ዕጣ መለኪያ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ጥሩ መስፈሪያ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ገበያው የሚሰፍረው ግን በዚህ ቁና ነው።

እንግዲህ እናስላ። የኮሎራዶ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ሰዓት 172 ቀን በ4 ሰዓት ሲባዛ 688 ሰዓት ነው። ለ120 ሲካፈል በዓመት 5.7 ክሬዲት ገደማ ይሆናል። በ4 ዓመት 2,752 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 23 ክሬዲት። የግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት መምሪያ ኮሌጅ ለሚያስብ ተማሪ የሚመክረው ደግሞ 17 ነው፤ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 4፣ ሳይንስ 3፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 3፣ የውጭ ቋንቋ 1፣ ሌላ ቀለም ነክ ትምህርት 2። ሕጉን ብቻ አክብሮ ያስተማረ ወላጅ ሰዓቱ ከበቂ በላይ አለው ማለት ነው። የጎደለው ሰዓት ሳይሆን ሰዓቱ በየትኛው ትምህርት ስር እንደዋለ የሚናገር ወረቀት ነው።

የውጭ ቋንቋው ላይ ደግሞ እኛ የማንጠቀምበት ሀብት አለን። ልጃችንን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ስናስተምር «የቤት ቋንቋ ነው» ብለን አንቆጥረውም። ለምን? ፊደል ቆጥሮ፣ ጋዜጣ አንብቦ፣ ለአያቱ ደብዳቤ የጻፈ ልጅ ቋንቋ ተምሯል። ሰዓቱ ይመዝገብ፣ የጻፈው ይቀመጥ። ስታምፕ የሚባለው የቋንቋ ፈተና አማርኛን በጽሑፍና በንግግር ይፈትናል፤ የወላጅን ቃል በውጭ ሰው ማስረጃ የሚያጠናክር ነገር ከተፈለገ ይኸውና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ወላጅ ለራሱ ልጅ «ኤ» ቢሰጥ ማን ያምነዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ማኅተም ያለው ትምህርት ቤት የሰጠው ውጤትም በራሱ ማስረጃ እንዳልሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ተማሪዎች የተማሩት እኮ ካርድና ሮስተር ባለው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ከውጭ የሚያመሳክረው የሌለው ውጤት፣ ትምህርት ቤት ይስጠው ወላጅ፣ ክብደት የለውም።

ስለዚህ መዝገቡ ከቤት ውጭ ምስክር ይፈልጋል። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ በአውሮራ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ወይም በዴንቨር ኮሙኒቲ ኮሌጅ አንድ ሁለት ትምህርት ቢወስድ፣ ያ ውጤት የወላጅ ቃል ሳይሆን የኮሌጅ ሬጅስትራር ቃል ነው። የኤፒ ፈተና፣ ኤስኤቲ፣ ሕጉ ራሱ የሚያስወስደው የ9ኛና የ11ኛ ክፍል ፈተና፣ ሁሉም ምስክሮች ናቸው። ሕጉ ዲስትሪክቱን የሚያስገድድበት አንቀጽም የቆመው በዚሁ መርህ ላይ ነው። ቤት የተማረ ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲመለስ ዲስትሪክቱ ትራንስክሪፕቱን ተቀብሎ ክሬዲት መስጠት አለበት፤ አልቀበልም ማለት የሚችለው ልጁን ፈትኖ ፈተናው ትራንስክሪፕቱን ካላረጋገጠ ነው። ትልቅ መብት ነው። ትራንስክሪፕት ለሌለው ቤተሰብ ግን መብቱ ባዶ ነው። አባት ሥራ አጥቶ ወይም እናት ታማ ልጁ 10ኛ ክፍል ላይ በድንገት ትምህርት ቤት መግባት ቢኖርበት ምን ይዞ ይሄዳል?

የሚቃወሙኝ ወዳጆች አሉ። «እኛ ልጃችንን ያወጣነው ከቁጥርና ከቅጽ ልናሳርፈው ነው፤ አንተ ቤታችንን ቢሮ ልታደርገው ነው» ይሉኛል። ይገባኛል። ግን መዝገብ መያዝና በመዝገብ መኖር ይለያያል። ልጁ ጠዋት ደን ውስጥ ዕፅዋት ሲለይ ይዋል፣ ማታ በገና ይደርድር፤ ማንም አይከለክለውም። ነፃነቱን የሚያስከብርለት እንዲያውም መዝገቡ ነው። ያልተጻፈ ነፃነት 18 ዓመት ሲሞላው ጥርጣሬ ይሆንበታል። ሌሎች ደግሞ «ምን ችግር አለው፣ መጨረሻ ላይ ጂኢዲ ይወስዳል» ይላሉ። ጂኢዲ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን በግዛቱ ሕግ መሠረት የሃይስኩል ትምህርቱን ቤት የጨረሰ ተማሪ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ በፋፍሳ ለመጠየቅ ጂኢዲ ግዴታው አይደለም። የ4 ዓመት ልፋቱን በአንድ ፈተና የምንለውጠው መዝገብ ስላልያዝን ብቻ ከሆነ ያሳዝናል። ሩጫ የሚወዱ ልጆች ያሏችሁም አስቡበት። በኮሌጅ ደረጃ ለመወዳደር ኤንሲኤኤ 16 መሠረታዊ ትምህርቶችን ይቆጥራል፤ ቤት ለተማረ ልጅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትምህርት ይዘቱንና መጽሐፉን የሚገልጽ ቅጽ ይጠይቃል። ጎበዝ ሯጭ በእግሩ ሳይሆን በወረቀት ሊቀደም ይችላል።

አያያዙ ውስብስብ አይደለም። እኔ በምሠራበት የሶፍትዌር ሙያ ሎግ የሚባል ነገር አለ፤ ሲስተሙ የሠራውን ነገር በሠራበት ሰዓት ይጽፈዋል። ዋጋው በሰዓቱ መጻፉ ላይ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ተቀምጦ የሚጻፍ ነገር ሎግ ሳይሆን ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ የሚያምር እንጂ የሚያስረዳ ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ገጽ ይበቃል፤ የትምህርቱ ስም፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ መጽሐፉ ከነደራሲው፣ ያስተማረው ሰው፣ ውጤቱ በምን እንደተሰላ። በየሳምንቱ እሑድ ማታ 20 ደቂቃ የሳምንቱ ሰዓት ይደመራል። በየወሩ ከእያንዳንዱ ትምህርት አንድ የታረመ ሥራ ተመርጦ ፎቶ ይነሳል፤ ሙከራ ከተሠራ ሪፖርቱ አብሮ። ወረቀቱ በአቃፊ፣ ቅጂው ጉግል ድራይቭ ላይ፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት። ዓመቱ ሲያልቅ ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓመት ይጨመራል፣ ይፈረማል፣ ቀን ይጻፍበታል። በቃ። ዓመቱን ሙሉ የትምህርት ሥራ ለሚሠራ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ሥራ ነው።

ማን ይሥራው የሚለው ግን መነሳት አለበት። በማውቃቸው ቤቶች የምታስተምረው እናት ናት፤ የምታበስለውም፣ ታናናሾቹን የምትይዘውም እሷው። ከዚህ ላይ መዝገቡንም ለእሷ መጨመር ግፍ ነው። አባት ሌሊት ቢሠራ እንኳ እሑድ ማታ 20 ደቂቃ አያጣም። ልጁም ራሱ 15 ዓመት ከሆነው የገዛ መዝገቡን መያዝ ይልመድ፤ ነገ ሥራ ሲገባ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

«እኛ የቃል ሰዎች ነን፣ መዝገብ አንወድም» የሚለውንም አልቀበልም። እድር ያለው ሕዝብ መዝገብ አያውቅም አይባልም። በእድር ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ስንት ተሰጠ የሚለው በጸሐፊው ደብተር ይሰፍራል፤ እቁብ ላይም ስም ዝርዝሩ ሳይያዝ ዕጣ አይወጣም። ለድንኳንና ለወንበር የምንጠነቀቀውን ያህል ለልጅ ትምህርት መጠንቀቅ ያቅተናል?

ስለዚህ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፣ በተለይ ለተማራችሁት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኮሎራዶ ሕግ ቤት የሚማር ልጅን መገምገም ይችላሉ ብሎ የዘረዘራቸው ሰዎች ፈቃድ ያለው የግዛቱ መምህር፣ በግል ወይም በሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር፣ ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት እና በትምህርት ዘርፍ የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ያለው ሰው ናቸው። ከመካከላችን በትምህርት ማስተርስ ይዛችሁ ሌላ ሥራ የምትሠሩ አላችሁ። አገር ቤት 20 ዓመት አስተምራችሁ እዚህ ማንም ያልጠየቃችሁ አላችሁ። በወር አንድ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በመስጊድ ወይም በማኅበረሰብ ማዕከል አንድ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ የወላጆችን መዝገብ ብታዩ፣ ትራንስክሪፕት አወጣጥ ብታሳዩ፣ ሕጉ የሚፈቅድላችሁ ደግሞ ግምገማውን በአማርኛ ለሚያስረዱ ወላጆች ብትሠሩ፣ የስንት ልጅ መንገድ ይቃናል! ኮምፒውተር የምናውቅ ሰዎች ደግሞ ቅጹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን በነፃ ማደል አያቅተንም። እኔ በበኩሌ ለጀመረው ሰው ቅዳሜዬን እሰጣለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ መዝገቡ የእናንተ እንዳልሆነ አስቡ። የልጁ ንብረት ነው። ወደ ዳላስ ብትሄዱ ወይም ወደ ቨርጂኒያ፣ የግዛቱ ሕግ ይቀየራል፤ ወረቀቱ ግን አብሯችሁ ይሄዳል። ልጁ 25 ዓመት ሲሆነው ለአንድ ማመልከቻ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት ቢጠየቅ፣ የሚደውልለት ሬጅስትራር የለውም፤ እናንተን ነው የሚጠይቀው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። በዚህ ዓመት 9ኛ ክፍል የሚጀምር ልጅ ያላችሁ ገና ምንም አልመሸባችሁም፤ አንድ ደብተር ግዙ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ጻፉበት። 11ኛ ክፍል የደረሰ ያላችሁ ደግሞ ከዛሬው ጀምሩ፤ ያለፈውን እጃችሁ ላይ ባለው ማስረጃ ልክ ብቻ ሙሉ፣ ያልሆነውን አትጨምሩ። ልጁን ቤት ማስተማር ድፍረት ይጠይቃል፤ እናንተ ድፍረቱን አሳይታችኋል። የቀረው መጻፍ ነው።

ቸር እንሰንብት።